በቀቀን እንዴት ይደር?

በቀቀን ያላቸው ሰዎች ስለ ምግቡና ስለ ንግግሩ ብዙ ይጠይቃሉ፤ ስለ ሌሊቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ወፉ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ፣ እጅ ሲነክስ፣ የገዛ ላባውን እየነቀለ ሲጥል ጥርጣሬው ምግቡ ላይ ያርፋል፤ ካልሆነም «ጠባዩ ተበላሸ» ይባላል። በሽታ መኖር አለመኖሩን በእርግጥ ሐኪም ይይ። ከዚያ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ግን ወፉ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ነው። ሰው ቤት የሚኖር በቀቀን ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ አይጠግብም፤ ጥፋቱም የወፉ ሳይሆን መብራቱን የምናበራውና የምናጠፋው የእኛ ነው። ስለዚህ ዛሬ የወፉን ሌሊት ከምሽት እስከ ንጋት ቀስ ብለን እንሄድበታለን።

ከሰዓቱ እንጀምር። አብዛኛው የበቀቀን ዘር የምድር ወገብን ተከትሎ ባለው ሞቃት አገር የኖረ ነው። በዚያ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስቸግርም፤ የሰዓት አቆጣጠራችን ራሱ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ጀምበር 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የአገራችን በቀቀኖችም በዚሁ ሥርዓት ይኖራሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ግንባረ ቢጫው የደጋ በቀቀን አለ። አረንጓዴዋ፣ ክንፏ ሥር ጥቁር የሆነችው ትንሿ ላቭበርድም አለች፤ እሷን በአዲስ አበባ ግቢዎች ጽድ ላይ ያያት ብዙ ነው። ሲመሽ ላቭበርዶቹ ጥቂት ጥቂት ሆነው ግንደ ቆርቁር በተወው የዛፍ ፍልፍል ውስጥ ይገባሉ፤ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ። በመሐሉ አምፖል የለም፣ ቴሌቪዥን የለም።

እንግዲህ ልኩ ይህ ነው፤ በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያልተቋረጠ ጨለማና ጸጥታ። ባጂና ኮካቲየል የተባሉት ትንንሽ በቀቀኖች መነሻቸው አውስትራሊያ ቢሆንም ለእነሱም ይኸው ይሠራል። «ያልተቋረጠ» የምትለውን ያዙልኝ። ወፉ ከቀትር በኋላ ማንጎላቸቱ ያለ ነው፣ አያሳስብም፤ የሌሊቱን ጉድለት ግን አይሞላም።

መብራቱ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? ወፍ ብርሃንን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ስላልሆነ ነው። በአንጎሉ ውስጥ ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ቅመም የምታመነጭ ትንሽ ዕጢ አለች፤ የወፍ ዕጢ ደግሞ በቀጭኑ የራስ ቅል በኩል የሚገባውን ብርሃን ራሷ ትለያለች። ስለዚህ ወፉ ዓይኑን ቢጨፍንም ሳሎኑ ቦግ ብሎ ከበራ አካሉ ገና አልመሸም ይላል። ሌላም አለ። የብርሃኑ ሰዓት ሲረዝም ብዙ ወፎች የመራቢያ ወቅት ደረሰ ብለው ይነሣሉ። ወንድ ሳይኖር እንቁላል ላይ እንቁላል የምትጥል ሴት የሰውነቷ ካልሲየም ይሟጠጣል፤ አንዳንዴ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይቀርና ይገድላታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀምር ሐኪሞች ጨለማውን አስረዝሙ የሚሉት ለዚህ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በዋሽንግተን አካባቢ በሰኔ ቀኑ 15 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ ስቶክሆልም ላይ ከ18 ሰዓት ያልፋል። እዚያ ወፉን በጀምበር ማስተኛት አይቻልም። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ግዙ፣ ሰዓቱንም እናንተ ወስኑ። በክረምታቸው ደግሞ ቀኑ ስለሚያጥር ጠዋትና ማታ አምፖል ጨምሩበት፤ ጨለማ ሲበዛም ወፉ ምግብ የሚለቅምበት ጊዜ ያጥረዋል። በዐረብ አገር ችግሩ የፀሐይ አይደለም፣ የቤቱ ነው። ቤተሰቡ እስከ እኩለ ሌሊት ያመሻል፤ በረመዳን እስከ ንጋት። እዚያ «ካስኮ» የሚባለው ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ነው። ወፉን የሚመግቡትና ኬጁን የሚያጥቡለት ብዙ ጊዜ በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን ናቸው፤ ይህንን ለማዳም ማስረዳት ቢኖርባችሁ አጭሩ መንገድ «ማታ ሌላ ክፍል ይደር፣ ጩኸቱ ይቀንሳል» ማለት ነው። እውነትም ይቀንሳል።

ከዚህ ወደ ቦታው እንለፍ። ሳሎኑ ቶሎ የማይተኛ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ሁለተኛ፣ አነስ ያለ የማደሪያ ኬጅ በጸጥተኛ ክፍል ማዘጋጀት ነው። ብዙ ነገር አይጠይቅም፤ ወፉ ተመቻችቶ የሚቆምበትና ክንፉን የሚዘረጋበት ስፋት፣ አንድ ጥሩ ቆጥ፣ ውኃ። የሽቦው ክፍተት ጭንቅላቱን የማያሾልክ ይሁን። መስኮት ሥር ብርድ የሚነፍስበት፣ ወይም ኤሲው በቀጥታ የሚተፋበት ቦታ አታስቀምጡት። በረንዳም አይሆንም፤ አይጥና ድመት ሽቦ ይዘው ይንጠለጠላሉ። ድመት በጥፍር ቀጨም ብታደርገው እንኳ በምራቋና በጥፍሯ ያለው ባክቴሪያ ወፉን በአጭር ጊዜ ስለሚጥለው ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይታደርም። ከእናንተ ጋር አልጋ ላይ ማስተኛትም ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን ተኝቶ የሚገላበጥ ሰው ወፉን ሳያውቀው ይጨፈልቀዋል።

ወጥ ቤት ፈጽሞ አይደር። የማያጣብቅ ቅብ ያለው መጥበሻ ባዶውን ሲግል የሚወጣው ጋዝ ሰው ሳያውቀው ወፍ ይገድላል። ወፍ አየር የሚስብበት አሠራር ከእኛ የበረታ ነው፤ ከሳንባው ሌላ የአየር ከረጢቶች አሉትና ጥሩውን አየር በደንብ እንደሚወስድ መርዙንም እንዲሁ ይወስዳል። ስለዚህ የምሽት ቡና በሚፈላበት ክፍልም አይሁን። ከሰሉ፣ ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጢስ፣ ዕጣኑ፣ በዐረብ ቤት ደግሞ ቡኹሩ፣ ለእኛ ሽታ ነው፤ ለወፉ ግን ጢስ ነው። ቡናውን ተዉ አልልም። ወፉን በር የሚዘጋበት ሌላ ክፍል አድርጉት።

ቆጡ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ወፉ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው እሱ ላይ ነውና። በቀቀን ከጣቶቹ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ናቸው። ሲጨብጥ ጣቶቹ ዘንጉን ከግማሽ በላይ ይያዙ፣ ነገር ግን ዞረው እርስ በርስ አይደራረቡ። ሱቅ የሚሸጠው ልሙጥ፣ አንድ ወጥ ውፍረት ያለው ዘንግ እግሩን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚጫነው መዳፉ ይቆስላል። ወጣ ገባ ያለው የዛፍ ቅርንጫፍ ይሻላል፤ መድኃኒት ያልተረጨ የባሕር ዛፍ ወይም የዘይቱና ቅርንጫፍ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይሠራል። አቮካዶ አይሆንም፤ ለወፍ መርዝ ነው። የአሸዋ ወረቀት የተለበጠበትንም አትግዙ። ቆጡን በኬጁ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አድርጉት፤ ወፍ ከፍታ ላይ ሲሆን ነው የሚረጋው።

ኬጁን ልብስ ማልበስ ግዴታ አይደለም። ክፍሉ ጨለማና ጸጥተኛ ከሆነ ያለ ልብስም ያድራል። ካለበሳችሁ አየር የሚያስገባ፣ ጠቆር ያለ፣ ጥብቅ ብሎ የተሸመነ ጥጥ ይሁን፣ አንዱ ጎኑም ትንሽ ይከፈት። ጋቢና ነጠላ እጅ ላይ ቢገኙም አይመረጡም፤ ክሩ ስለሚላላ ጥፍር ይይዛል፣ ወፉም እየመዘዘ ይውጠዋል። ላስቲክ ፈጽሞ አይሁን። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ጨርቅ ብርሃን ይከልላል እንጂ ድምፅ አይከልልም። ቴሌቪዥን አጠገብ የተሸፈነ ወፍ ጨለማ ውስጥ ነቅቶ ነው የሚያመሸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ገበያ ላይ ለስላሳ፣ ጸጉራማ ጨርቅ ያለው ድንኳን መሰል ማደሪያም ይሸጣል። ያምራል፤ እኔ ግን አልመክርም። ወፉ ክሩን እየቀረጠፈ ሲውጠው ከጉሮሮው በታች ያለው የምግብ ከረጢት ይዘጋል፤ ጠባብና ጨለማ ስለሆነም እንደ ጎጆ ቆጥሮት እንቁላል ወደ መጣል ይሄዳል። የእንጨት ሳጥንም እንዲሁ፤ ለማራባት ካልሆነ አታስገቡ።

አሁን ምሽቱን እንሥራው። ማታ 12 ሰዓት ገደማ የመጨረሻውን ምግብ ስጡት፤ እርጥብ ምግብ አድሮ ስለሚበላሽ አንሡት፣ ውኃው ይቆይ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱን ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ድርግም አታድርጉት፤ ወፉ ኬጁ መሐል እያለ ቢጨልምበት ቆጡን ማግኘት ይቸግረዋል። ለዓይን ያዝ እንደሚያደርግበት ሰዓት ቀስ እያለ ይምሽ። በዚህ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ፤ የላይኛውንና የታችኛውን መንቁሩን ሲያፋጭ ቀጭን የፍግፍግ ድምፅ ይሰማል። ያ ጤናና እርካታ ነው። ቀጥሎ ላባውን ትንሽ ያፍታታል፣ አንድ እግሩን ሆዱ ሥር ይሰበስባል፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዙሮ መንቁሩን ጀርባው ላባ ውስጥ ይከታል። 1 ሰዓት ላይ በሩን ዝጉና ውጡ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክፈቱ። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን፤ ወፉ ሰዓቱን ሲለምድ ራሱ ወደ ማደሪያው ይሄዳል።

የሚቀረው ከባዱ ነገር የሌሊት ድንጋጤ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ኮካቲየልን ይይዛል። ሌሊት የመኪና መብራት ግድግዳው ላይ ሲያልፍ፣ አይጥ ሲንኮሻኮሽ ወይም በር ሲላተም ወፉ በርግጎ ይነሣል፤ ጨለማው ስላላሳየው ከሽቦ ወደ ሽቦ ይላተማል። አንድ ጊዜ የገጠመው ወፍ ካላችሁ ፍጹም ጨለማውን ተዉለትና ቆጡን ብቻ የምታሳይ ደብዛዛ መብራት ራቅ አድርጋችሁ አብሩለት። ድምፁን ስትሰሙ በድንገት ክፍሉን አታድምቁ፣ እጃችሁንም ወዲያው አትስደዱ። መጀመሪያ በለሆሳስ ስሙን ጥሩት፣ ከዚያ መብራቱን በጥቂቱ ጨምሩ፣ እስኪቆም ጠብቁ። ሲረጋ ክንፉን እዩ። ገና የሚበቅል ላባ ቱቦው ውስጥ ደም ስላለው ሲሰበር አብዝቶ ይደማል። 90 ግራም የሚመዝን ኮካቲየል ያለው ደም 9 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነውና እንደ ዋዛ አይታይም። በንጹሕ ጨርቅ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት አድርጋችሁ ቦታውን ጫን ብላችሁ ያዙ። በጥቂት ደቂቃ ካልቆመ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ላባውን ራሳችሁ አትንቀሉት።

ጠዋት ልብሱን ስታነሡ ከምግቡ በፊት አቋቋሙን ተመልከቱ። በወፍ ዘንድ ደካማ መምሰል ለአዳኝ መጋለጥ ስለሆነ በቀቀን ሕመሙን እስኪብስበት ይደብቃል። ቆጡን ትቶ ኬጁ ወለል ላይ ካደረ፣ ነግቶም ላባውን ነፍቶ በሁለት እግሩ ተኮራምቶ ካገኛችሁት እንቅልፍ ያልጨረሰ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሞቅ ያለ ቦታ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።