ምዕራፍ 7፦ ኮላጅን ጠጥተው የሚታደስ ቆዳ አለ?

ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ «ምን ልላክላችሁ?» ሲል ድሮ መልሱ ሽቶ፣ ጫማ ወይም ስልክ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት መልሱ «ኮላጅን» ሆኗል። የሚልክለት ያጣ ደግሞ ከኮስሞቲክስ ቤት ወይም ከቴሌግራም ነጋዴ ይገዛል። «ውዴ፣ ሦስቱን ከወሰድሽ ቅናሽ አለው» ትላለች ሻጯ፤ ሦስቱ ሲደመር የወሩን አስቤዛ ያህላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ፊት ላይ ይደርሳል?

በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ሲሶው ገደማ ኮላጅን ነው። ቆዳን ወጥሮ፣ አጥንትንና ጅማትን አጠንክሮ የሚይዘው እሱ ነው። ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፤ ከጎልማሳነት ጀምሮ ግን ከቆዳ ላይ በየዓመቱ 1 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እስከ 30 በመቶ የሚሆነው የቆዳ ኮላጅን ሊጠፋ ይችላል። የሃምሳ ዓመት እናት መስታወት ፊት ቆመው «ድንገት አረጀሁ» ቢሉ እውነታቸውን ነው።

የተዋጠው የት ይደርሳል?

ዱቄቱ የሚሠራው ከከብት ቆዳ፣ ከዓሣ ቆዳና ቅርፊት ወይም ከአሳማ ነው። ሆድ ሲገባ እንደ ሥጋና እንደ እንቁላል ይፈጫል፤ አንጀት «ይሄ ለፊት፣ ይሄ ለጉልበት» ብሎ አይመድብም። አብዛኛው ወደ አሚኖ አሲድ ይበታተናል። ጥቂቱ ግን ሁለት ሦስት አሚኖ አሲዶች እንደተያያዙ ፔፕታይድ ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል፤ ይህ በሰው ደም ተለክቶ ታይቷል። አምራቾች ተስፋ የሚያደርጉት እነዚህ ፔፕታይዶች ቆዳ ደርሰው ሴሎችን «አዲስ ኮላጅን ሥሩ» ብለው ይቀሰቅሳሉ ብለው ነው። ሐሳቡ ከንቱ ነው አይባልም። የሚቀባው ኮላጅን ግን ይህችም ተስፋ የለችውም። ሞለኪውሉ እጅግ ትልቅ በመሆኑ ቆዳን ዘልቆ አይገባም፤ ከላይ ሆኖ እንደማንኛውም ክሬም ያለሰልሳል፣ ታጥቦ ይሄዳል።

ጥናቶቹን የሚያገላብጥ ሰው መጀመሪያ ደስ ይለዋል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ ከ35 እስከ 55 ዓመት የሆኑ 69 ሴቶች ለ8 ሳምንታት ዱቄቱን ወይም ኮላጅን የሌለበትን አምሳያውን ወስደው ነበር፤ ኮላጅን የወሰዱት ቆዳ የተሻለ የመለጠጥ ኃይል አሳየ። በ2021 የወጣና 19 ጥናቶችን፣ 1,125 ሰዎችን ያካተተ ግምገማም ቆዳው እርጥበት አገኘ፣ ሽብሽቡ ቀነሰ ብሏል።

በ2025 ግን ሌላ ግምገማ መጣ። 23 ጥናቶችንና 1,474 ሰዎችን አንድ ላይ ሲደምር እሱም ጥሩ ውጤት አገኘ። ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ «ወጪውን የሸፈነው ማነው?» ብለው ጥናቶቹን በሁለት ከፈሉ። የኩባንያ ገንዘብ ያለባቸው ኮላጅን ይሠራል አሉ። የኩባንያ ገንዘብ የሌለባቸው በእርጥበትም፣ በመለጠጥም፣ በሽብሽብም ለውጥ አላገኙም። በጥራት ሲመዘኑም ጥሩ ሆነው የተሠሩት ጥናቶች ለውጥ አላሳዩም። ሻጭ ዳኛ በሆነበት ችሎት ገዢ መረታቱ የታወቀ ነው።

ስለዚህ የዚህ መጽሐፍ አቋም ግልጽ ነው፦ ኮላጅን ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ጉዳቱ ጥቂት፣ ጥቅሙ ያልተረጋገጠ፣ ዋጋው ግን የተረጋገጠ ዱቄት ነው።

«ኤፍ ዲ ኤ ያጸደቀው» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ደግሞ ይጠንቀቁ። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ የምግብ ማሟያ አምራች ዕቃው እንደሚሠራ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ኤፍ ዲ ኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማሟያዎችን አያጸድቅም፤ አጽድቋል የሚል ሻጭ ይዋሻል።

ምሳን በዱቄት ስለሚተኩ ሰዎች

አንዳንዶች «ፕሮቲን ነው፣ ያከሳልም» ብለው ምሳቸውን ትተው ኮላጅን ይጠጣሉ። ይህ ነገር አሜሪካ ውስጥ ሕይወት አስከፍሏል። በ1976 ሮበርት ሊን የተባለ ሐኪም አንድ የማክሻ መጽሐፍ አወጣ፤ ከከብት ቆዳና ጅማት የተቀቀለ ፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ እየጠጡ መክሳትን የሚሰብክ። መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ፣ ፈሳሹም እንዲሁ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ በዚህ ዓይነት አመጋገብ ላይ የነበሩ ከ50 በላይ ሰዎች መሞታቸው ለመንግሥት ተነገረ፤ ብዙዎቹ በልብ ምት መዛባት። ኮላጅን ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ ፈጽሞ የለውም፤ ብቻውን ሰው አያኖርም። ፈረንሳዮች ይህን የተረዱት በ1841 ነው፤ ለፓሪስ ድሆች ይታደል የነበረውን የአጥንት ጄላቲን፣ ማለትም ተቀቅሎ የወጣ ኮላጅን፣ ሲመረምሩ ብቻውን ቀለብ እንደማይሆን አረጋገጡ።

ጾምና ሃይማኖት

የሚገርመው ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ሐሙስ ማታ «ነገ ጾም ነው» ብላ ወተቱን የምታነሳ እመቤት ዓርብ ጠዋት የከብት ቆዳ በሎሚ ውኃ በጥብጣ ትጠጣለች። ከአሳማ የተሠራውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሳያውቅ ይወስደዋል፤ የቴሌግራም ሻጭ ከምን እንደተሠራ አይነግርም፣ ገዢም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈውን አያገላብጥም። «የጾም ኮላጅን» ወይም «ቪጋን» የሚባለው ደግሞ ኮላጅን የለበትም። ዕፅዋት ኮላጅን አይሠሩም፤ እሽጉ ውስጥ ያለው ባብዛኛው ቫይታሚን ሲና አሚኖ አሲድ ነው። ሕዝባችን ሥጋ ሻጩን «ከየት የታረደ ነው?» ብሎ አላላውስ እያለ፣ ቆርቆሮ ላይ ሲሆን ዝም ማለቱ ያሳዝናል።

በአንድ እጅ መገንባት፣ በሌላው ማፍረስ

የመጽሐፉ አዘጋጅ በቅርብ የሚያውቃት አንዲት የባንክ ሠራተኛ አለች። አርባዎቹን ስትጀምር ጉንጯ ላይ ማድያት ወጣባት። ጓደኛዋ መለያ በሌለው ዕቃ ተደባልቆ የተሸጠ «ማጥሪያ» ሰጠቻት። በሁለት ሳምንት ፊቷ ጠራ፤ ቢሮው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» አለ። ዓመት ሳይሞላ ቆዳዋ ሳሳ፣ ጉንጯ ላይ የደም ሥሮች እንደ ቀይ ክር ታዩ፣ ፀሐይ ሲነካት ይለበልባት ጀመር። ያን ጊዜ የገዛችው ኮላጅን ነው። ጠዋት ዱቄቱን ትጠጣለች፣ ማታ ማጥሪያውን ትቀባለች።

በመጨረሻ የሄደችበት የቆዳ ሐኪም ክሬሙን አሽትቶ፣ ፊቷን በማጉያ አይቶ «ስቴሮይድ ነው» አላት። ጠንካራ ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ሲቀባ የቆዳ ሴሎች ኮላጅን መሥራታቸውን ያዳክማል፤ ቆዳው የሚሳሳው ለዚህ ነው። በድንገት ሲቆም ደግሞ ፊት ሊቆጣ ስለሚችል ሐኪሙ ቀስ በቀስ አስቆማት። ማድያቱም ቢሆን የቀለም ችግር እንጂ የኮላጅን ማነስ አልነበረም። ጠይምነትን እንደ ጉድለት የሚያሳይ ማስታወቂያ፣ ሙሽራን ሦስት እጥፍ አቅልቶ የሚያወጣ ፎቶ ቤት፣ «ቀላች፣ አማረባት» የሚል ዘመድ፣ ሁሉም የዚህች ሴት ፊት ላይ እጃቸው አለበት።

ጥላ

አዘጋጁ ከማንኛውም ቆርቆሮ አስበልጦ የሚመክረው ጃንጥላን ነው። አንባቢ ይሳቅ፤ ማስረጃው ግን አለ።

በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶ አሳተመ። ለ28 ዓመታት ሲነዳ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ያረፈው በግራ ፊቱ ላይ ነበር። ቀኙ የአንድ ጎልማሳ ፊት ነው፤ ግራው ተሸብሽቦ፣ ወፍሮና ተንጠልጥሎ የአባቱ ይመስላል። ሰውዬው አንድ፣ ዕድሜው አንድ፣ ምግቡ አንድ ነው፤ የተለየው ፀሐዩ ብቻ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ውስጥ ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ያስነሳል፣ አዲስ መሥራቱንም ያዘገያል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ብርዱ ሰውን ያታልለዋል። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 13 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያህል ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሽብሽቡ ዘግይቶ፣ ማድያቱና የቀለም መዘበራረቁ ቀድሞ ይመጣል።

በአትላንታ የሚገኘው የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት ተራ የዝናብ ጃንጥላዎች ከጨረሩ ከ77 እስከ 99 በመቶ እንደሚመልሱ፣ ጥቁሮቹ ሁሉ ደግሞ ቢያንስ 90 በመቶ እንደሚያስቀሩ ለኩ። እኛ ጋ ጃንጥላ በክረምት ይገዛል፣ መስቀል ሲያልፍ ቁም ሣጥን ላይ ይጣላል፤ ፀሐይዋ የምትከረው ከዚያ በኋላ ነው። ወንዶቹ ያፍሩበታል፤ ወጣቶቹ «የእትዬዎች ነው» ይላሉ። እናቶች ግን ለቅሶ ሲሄዱም ገበያ ሲወርዱም ጥላቸውን አይለዩም፤ ልክም ናቸው። ሲገዙ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት ነው፤ ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ከሆነ ይለፉት። ጥቁር ወይም ውስጡ የተለበጠ ይሻላል።

ጥላ ብቻውን ግን ሁሉን አይመልስም። ጨረር ከአስፋልትና ከግድግዳ ተመልሶ ከታች ይመጣል። በአውስትራሊያዋ ናምቡር ከተማ ከ1992 እስከ 1996 በተደረገ ጥናት ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ ክሬም እንዲቀቡ የታዘዙት ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ቆዳቸው በሚለካ ደረጃ አላረጀም ነበር። ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ይበቃል። ማድያት ያለበት ሰው የቆዳ ቀለም የተቀላቀለበትን ይምረጥ፤ ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል።

ከወጥ ቤትና ከሐኪም

ሰውነት ኮላጅን ለመሥራት ቫይታሚን ሲ ግድ ይለዋል። ጥሬ የሚበላ ቃሪያ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ይህን ይሞላሉ፤ ጎመን ግን እሳት ላይ ሲቆይ ቫይታሚኑ ይጠፋል። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ፕሮቲኑን ይሰጣሉ። ቅልጥም የሚወድ ይብላ፣ ለጣዕሙ።

ሲጋራ ኮላጅን ይሰብራል፤ ማቆም ነው።

በመድኃኒትነት ጠንካራ ማስረጃ ያለው ትሬቲኖይን የሚባለው የቫይታሚን ኤ ክሬም ነው፤ በ1993 በወጣ ጥናት በፀሐይ የተጎዳ ቆዳ ውስጥ ኮላጅን መሥራቱ በ80 በመቶ መጨመሩ ታይቷል። እርጉዝ ሴት አትቀባውም። ጥቁር ቆዳን ካስቆጣ ጠባሳ መሰል ጥቁረት ስለሚተው በቆዳ ሐኪም ትእዛዝ፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ከአተር ፍሬ በማይበልጥ መጠን ይጀመራል።

ቆርቆሮውን አስቀድሞ የገዛ ሰው አይጣለው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይክፈተው፤ ዓሣ የማይስማማው ከምን እንደተሠራ ያንብብ። ሌላው ከመጀመሩ በፊት በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ሜካፕና ያለ ፊልተር ፊቱን ፎቶ ያንሳ። ለ12 ሳምንታት አዲስ ክሬም ሳይጨምር ይውሰድና እዚያው ቦታ ደግሞ ይነሳ። ሁለቱን ፎቶዎች የትኛው የፊተኛው እንደሆነ ሳይነግር ለእህቱ ወይም ለጓደኛው ያሳይ። መለየት ካልቻሉ ለሁለተኛው ቆርቆሮ የታሰበው ገንዘብ ለፀሐይ መከላከያው ክሬምና ለጃንጥላው ይዋል።