የፀሐይ ንፋስ ተጽዕኖ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ፦ የአዲስ አበባ መዝገብ እንዴት ይነበብ?

አኅጽሮተ ጥናት

የመግነጢሳዊ ማዕበል ኃይል አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው በዲኤስቲ አመልካች ነው። ይህ ጽሑፍ አመልካቹ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ የሚከሠተውን ለውጥ ብቻውን ሊያሳይ የማይችልበትን ምክንያት ያስረዳል፤ የአዲስ አበባን መዝገብ ከአዲግራት ጋር አጣምሮ የማንበብን ዘዴም ያቀርባል።

1. ከፀሐይ እስከ ምድር

ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚወጣው የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ፍሰት፣ ማለትም የፀሐይ ንፋስ፣ ምድር አጠገብ ሲደርስ በተለመደው ጊዜ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ይህን ፍሰት ከፀሐይ ትይዩ በሆነው ወገን፣ የምድርን ሬዲየስ 10 ጊዜ ያህል በሚሆን ርቀት ላይ ያግደዋል። ይሁን እንጂ እገዳው ፍጹም አይደለም። ንፋሱ የተሸከመው መስክ ወደ ደቡብ ሲያዘነብል፣ በድንበሩ ላይ ወደ ሰሜን ከሚያመለክተው የምድር መስክ ጋር ይቃረናል፤ የሁለቱ መስኮች መስመሮችም ተቆርጠው እርስ በርስ ይቀጠላሉ። ጄምስ ደንጌ እ.ኤ.አ. በ1961 ያብራራው ይህ ሂደት ኃይል ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት ዋነኛ በር ነው። ስለዚህ ከንፋሱ ፍጥነት ባልተናነሰ የመስኩ አቅጣጫ ወሳኝ ነው።

የገባው ኃይል ምድርን የሚከብበውን የቀለበት ጅረት ያጠናክራል። ጅረቱ ወደ ምዕራብ ስለሚፈስ በምድር ገጽ ላይ የመስኩን አግድም ክፍል ይቀንሳል። ዲኤስቲ ይህንን ቅናሽ የሚያሰላው በሄርማነስ፣ በካኪዮካ፣ በሆኖሉሉና በሳን ሁዋን ጣቢያዎች ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1989 የኩቤክን የኤሌክትሪክ መረብ ለ9 ሰዓታት ያህል ባቋረጠው ማዕበል ወቅት አመልካቹ −589 ናኖቴስላ ደርሶ ነበር።

2. የምድር ወገብ ልዩ ጠባይ

አራቱ ጣቢያዎች የተመረጡት ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ርቀው ስለሚገኙ ነው። በዚያ መስመር ላይ መስኩ ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የአዮኖስፌር ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት እጅግ ይጨምራል። ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብና ብርቱ ጅረት፣ ኤሌክትሮጄት፣ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ መስኩን ሲመዘግብ የኖረው የአዲስ አበባ ጣቢያ የሚገኘው በዚህ ጅረት ሥር ነው።

በማዕበል ጊዜ ኤሌክትሮጄቱ በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ይለወጣል። የንፋሱ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር የኤሌክትሪክ መስክ ወዲያውኑ ከዋልታዎች አካባቢ ወደ ምድር ወገብ ይዘልቃል፤ ቀን ከሆነም ጅረቱን ያበረታል። ከሰዓታት በኋላ ግን በዋልታዎች አካባቢ የሞቀው አየር የሚያስነሣው ነፋስ ጅረቱን ያዳክማል፤ አንዳንዴም አቅጣጫውን ይገለብጣል። እንግዲህ በአዲስ አበባ የታየ ቅናሽ ከቀለበት ጅረቱ ወይም ከኤሌክትሮጄቱ መዳከም፣ አለዚያም ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል።

3. የመለያ ዘዴ

አዲግራት በተመሳሳይ ኬንትሮስ አቅራቢያ፣ ነገር ግን ከኤሌክትሮጄቱ ውጭ ይገኛል። የቀለበት ጅረቱ በሁለቱም ሥፍራ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ተቀራራቢ ነው። ስለሆነም የየጣቢያው የሌሊት መነሻ ከተቀነሰ በኋላ የአዲግራት አግድም ክፍል ከአዲስ አበባው ሲቀነስ፣ የሚቀረው በአመዛኙ የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው በቀን ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

4. መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በሜይ 10 ቀን 2024 የደረሰው ታላቅ ማዕበል መስኩን በድንገት የመታው በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ኤሌክትሮጄቱ በሌለበት ጊዜ ነበር። ተመሳሳይ ምት እኩለ ቀን ላይ ቢደርስ ኤሌክትሮጄቱ ድንገተኛውን ለውጥ ያጎላዋል። በረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች ውስጥ ያልተፈለገ ጅረት የሚያስነሣው የመስኩ መጠን ሳይሆን የለውጡ ፍጥነት ነው። ከህዳሴ ግድብ የሚነሡ የ500 ኪሎ ቮልት መስመሮች ባሉበት አገር የአደጋ ግምገማ በዲኤስቲ ብቻ ሊመሠረት አይገባውም፤ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የደቂቃና ከዚያ ያነሰ ጊዜ ልኬት የግምገማው መነሻ ሊሆን ይገባል።