ሣጥኑን ልጆቹ ያግኙት

እስኪ ስልክሽን ወዲህ አምጪው፣ እህቴ። ለልጆቹ ጂኦካሺንግ፣ ማለትም ሰው የደበቀውን ሣጥን በስልክ ጂፒኤስ የመፈለግ ጨዋታ፣ የመረጥሽው ይኼ ሣጥን ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ለአስቸጋሪነቱ 4 ኮከብ፣ ለመንገዱ 3 ተኩል ተሰጥቶታል፤ ሚጡ አትችለውም። ኮከቡ ከ1 እስከ 5 ነው፤ አንደኛው ሣጥኑን ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ሌላው መንገዱ ምን ያህል እንደሚያደክም ይነግርሻል። ለእናንተ ሁለቱም ከ1 ተኩል የማይበልጥ ፈልጊ። መጠኑንም እዪ። «ማይክሮ» ያሉት ጣት የምታህል ብልቃጥ ልትሆን ትችላለች፤ ልጅ ደግሞ ደስ የሚለው ክዳኑን ከፍቶ ውስጡ ዕቃ ሲያገኝ ነው። ከዚያ በቅርብ የሄዱት ሰዎች የጻፉትን አንብቢ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አራቱ «አላገኘነውም» ካሉ ሣጥኑ ሳይጠፋ አይቀርም፤ እለፊው። ነፃው አፕ ለጀማሪ ይበቃል፣ ክፈይ ቢልሽ ተዪው።

ልጆቹ ጂኦካሺንግን ማን ጀመረው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ መኪና ውስጥ ንገሪያቸው። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ማዛባቱን ሲያቆም ማንም ሰው ቦታን በትክክል ማግኘት ቻለ። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው እዚሁ ጎረቤታችን ኦሪገን፣ ቢቨርክሪክ አጠገብ፣ በባልዲ ውስጥ መጻሕፍት፣ ወንጭፍና አንድ ጣሳ ባቄላ አድርጎ ደበቀና የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት አሳወቀ። ማሙሽ ወንጭፍ ሲባል ጆሮው ይቆማል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሣጥን ተደብቋል፤ ጨዋታውን የሚመራው ድርጅት መቀመጫውም ይኸው የምንኖርበት ሲያትል ነው።

ረጅም ሱሪና ካልሲ አልብሻቸው። የዚህ አገር ጫካም ሳማ አለው፣ ልክ እንደኛው ያንገበግባል። የማይታይ ቦታ እጃቸውን እንዳይሰዱ፤ መጀመሪያ በእንጨት ይነካኩት። እስክሪብቶ አትርሺ፣ ብዙ ሣጥን ውስጥ የለም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ስልኩ የሚያደርስሽ አምስት ስድስት ሜትር ድረስ ነው፣ ዛፍ ሲበዛ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስታል። የስልኩ ቀስት ወዲያ ወዲህ መዞር ሲጀምር ኪስሽ ክተቺው። ከዚያ በኋላ ያለው ድብብቆሽ ነው፤ የተደበቀው ሰው ሳይሆን ሣጥን ከመሆኑ በቀር። ሕጉ መቅበር ስለማይፈቅድ መቆፈር የለም። ያለ ቦታው የተቆለለ ድንጋይ፣ ጉቶ ሥር የተደረደረ እንጨት ይፈልጉ። አንቺ ቀድመሽ ብታዪው እንኳ ዝም በዪ! ብዙ ወላጅ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ቸኩሎ «ያውልህ!» ይላል፣ ለልጁ የሚቀረው ክዳን መክፈት ብቻ ይሆናል። በጣም ከተቸገሩ «ከጉቶው ወዲያ አይታችኋል?» በያቸው፣ ከዚያ አትለፊ። ማሙሽ ሚጡን እየቀደመ እንዳያስለቅሳት ተራ ይኑራቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አልደብቅሽም። ጥቁር ቤተሰብ ቁጥቋጦ ሥር ሲያጎነብስ አይቶ የሚጠራጠር ሰው አለ። ቢጠይቅሽ አትደንግጪ፤ ምን እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሪው። እናታቸው ሳትሸማቀቅ ስትናገር ልጆቹ ይስሙ።

ሣጥኑ ሲገኝ ውስጡ ባለው መዝገብ ላይ ስማቸውን በፊደል ይጻፉ። ሚጡ «ሀ ሁ» ከተማረች ወዲህ የምትጽፍበት ቦታ አጥታለች፤ ቀጥሎ የሚመጣ ሰው የማያነበው ቢሆንም ምንም አይደለም። መጫወቻ ከወሰዱ እኩያውን ወይም የተሻለ ይተኩ። የሚበላ ነገር ግን አታስገቡ፣ አውሬ ሸትቶት ሣጥኑን ይሰብረዋል። ከዚያ እንደነበረ ሸፍናችሁ፣ ያንኑ ቦታ መልሱት።

ግማሽ ሰዓት ፈልጋችሁ ካጣችሁት በቃ። ልጆቹ ሳይሰለቻቸው ውጡና «አላገኘነውም» ብለሽ አፑ ላይ መዝግቢ። ባለቤቱ ሣጥኑ መኖሩን ሄዶ የሚያየው እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው ነው። አደራሽን፣ ሳታገኙት አገኘን ብለሽ እንዳትጽፊ። ልጆቹ ያዩሻል።