ካሊፎርኒያን ማን ቀየራት?

ጥያቄ፦ የአንድ ግዛት የሕዝብ ቁጥርና የብሔረሰብ ስብጥር በምን ይለወጣል?

መልስ፦ በውልደት፣ በሞትና በፍልሰት ነው። ካሊፎርኒያ ጥሩ ማሳያ ናት።

በ1848 (እ.ኤ.አ.) ወርቅ ሲገኝ ሰው ከየአገሩ ጎረፈ። ለነባር ተወላጆቿ ግን ዘመኑ የእልቂት ነበር፤ 150 ሺህ ገደማ የነበሩት በበሽታ፣ በረኃብና በግድያ አልቀው በ1870 ወደ 30 ሺህ ወረዱ። ይህ ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም።

የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለአውሮፓውያን ያደላውን ኮታ ሲሽር ከእስያ የሚመጣው በዛ፤ ከሜክሲኮም ፍልሰቱ ቀጠለ። በ2020 ቆጠራ ከ39.5 ሚሊዮን ነዋሪዎች 39 በመቶው ላቲኖ፣ 35 በመቶው ላቲኖ ያልሆነ ነጭ ነበር። ሎስ አንጀለስም በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና አንድ ሰፈሯን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በይፋ ሰይማለች።

አሁን ውልደት ቀንሷል፤ ብዙዎችም ወደ ቴክሳስ ይሄዳሉ። ከ2020 ቆጠራ በኋላ ካሊፎርኒያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ብዛት ከሚደለደሉት የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎቿ አንዱን አጥታለች።