ጨፋ ባዶ መሬት ነውን?

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርት ከቤታችን ደጃፍ የተነሣ ነው። እንደምታውቁት በዩኒቨርሲቲ የማጠናው ባዮሎጂ ነው። አንድ ቀን መምህራችን ስለ ረግረግ መሬት ሲያስተምሩን «ከመካከላችሁ በረግረግ አጠገብ ያደገ አለን?» ብለው ጠየቁ። እኔም እጄን አላነሣሁም። ከሚሴ ተወልጄ፣ ጨፋን በየቀኑ እያየሁ አድጌ፣ ረግረግ ማለት ሌላ አገር ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጨፋ ለእኔ ከብት የሚውልበት ባዶ ሜዳ እንጂ ሌላ አልነበረም።

ስሙ ራሱ በነገረን ነበር፤ አልጠየቅነውም እንጂ። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ውሃ የማይለየው ለምለም መስክ ነው። የገዳ ሸንጎ እንዲህ ባለ መስክ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበር ሸንጎውም ጨፌ ተባለ። እንግዲህ አባቶች ቁም ነገር የመከሩበትን ዓይነት ስፍራ ነው እኛ ባዶ ያልነው።

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ፣ ጨፋ ሲደርስ ሜዳ ያገኛል። ሜዳ ያገኘ ወንዝ ይዘረጋል፤ ጉልበቱም ይበርዳል። ደንገሉና ቄጠማው ፍጥነቱን ይይዙበታል፤ ከደጋ ጠርጎ ያመጣውን አፈር እዚያው ያራግፋል። በሥሮቹ መካከል የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ደግሞ የሚበሰብሰውን ቆሻሻ እየበሉ ውሃውን ያጠሩታል። ረግረጉ በክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ይህ ሁሉ በመሣሪያ ይሠራ ቢባል ስንት ገንዘብ በጠየቀ ነበር! ጨፋ ግን ደመወዝ ጠይቆ አያውቅም።

ከብት ተከትለው የሚውሉትን ነጫጭ ወፎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከእነርሱ ጋር የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች ወፎችም አሉ። ከወፎቹ ይልቅ ግን የሰዉን ነገር ላንሣ። ዝናብ ሲጠፋ የአፋር አርብቶ አደር ከቆላው ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ሣር ይመጣል፤ ኦሮሞውና አርጎባውም እንዲሁ። በ1994 ዓ.ም. ድርቅ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ባወጡት ዘገባ 50,000 ያህል አርብቶ አደሮችና 200,000 ያህል እንስሳት በጨፋ ሸለቆ ተጠግተው ነበር። ያን ጊዜ ሣሩ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ሁሉ ወዴት ይሄዱ ነበር? አንዱ ከሌላው ጋር በቀረችው ሣር ላይ ምን ይደራረግ ነበር? ረግረግ ሲጠብ የሚጠፋው ወፍ ብቻ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

ሜዳው ግን ዓመት በዓመት በቦይ እየተንጣፈፈ ይታረሳል። በበጋም ወንዙ በሞተር እየተሳበ አትክልት ይጠጣበታል። ይህን የምጽፈው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ የተማርኩትም በዚያው ሽንኩርት ነው። ቤተሰብ ሲበዛና መሬት ሲያንስ ሰው ውሃ ወዳለበት መሄዱ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሐሮማያን ሐይቅ ታሪክ እናስታውስ። ከዙሪያው እርሻ የሚታጠበው አፈር እየሞላው፣ ለጫትና ለአትክልት፣ ለሐረር ከተማም መጠጥ እየተሳበ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደርቆ ነበር። ኋላ ውሃው ተመልሶ ቢታይም፣ ሐይቅ ሲደርቅ ያዩ ሰዎች ቀድሞ እንዲህ ይሆናል ብለው አያስቡም ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት ከላይ በኩል ይመጣል። ተመራማሪዎች የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች አጠገብ አልፈው ወደ ቦርከና የሚገቡትን ወንዞች መርምረው ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ነው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሚበሰብሰውን ቆሻሻ ረግረጉ ይበላዋል፤ ብረት ግን አይበሰብስም። በደለሉ ውስጥ ይከማቻል፣ ከደለሉ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ላሟ ሊያልፍ ይችላል። ዓባይ ማደሪያ የለውም ሲባል ሰምታችኋል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ስለሆነም «ውሃ ወሰደው» የምንለው ሁሉ የትም አልሄደም።

በመንገዱ ዳር የሚበቅለውን፣ ነጭ አበባው ቅንጬ የሚመስለውን አረምም ሳላነሣ አላልፍም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ በአገራችን የታየ ሲሆን፣ ከውጭ ከመጣ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደ ገባ ይገመታል። የትውልድ አገሩ የአሜሪካ ቆላ ነው። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ይበትናል፤ ሌላውን ሣር ያዳክማል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። የሐረርጌ ገበሬዎች ፈረምሲሳ ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ እንድትለቅ የሚያደርግ ማለታቸው ነው። ከዚህ የተሻለ ስም የሚያወጣለት ሳይንቲስት ያለ አይመስለኝም። የተራቆተና የተቆፈረ መሬት ሲያገኝ ፈጥኖ ይገባል፤ በሩን የምንከፍትለትም እኛው ነን።

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15ን አንብቡ። ለአዳም የተሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ ማበጀትና መጠበቅ። የመጀመሪያውን አጥብቀን ይዘናል። ሁለተኛው ግን የተረሳ አይመስለኝም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አለና። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከቅጽሩ ውጭ ያለው ኮረብታ ሲራቆት ይህ የተረፈው ማንም «ባዶ ቦታ ነው» ስላላለው ነው። በወሎም በሼኾች መቃብር ዙሪያ ያሉ ዛፎች የተረፉት እንዲሁ ነው። ጨፋ ግን አጥር የለው፣ ቅጽር የለው፣ «የእግዜር ነው» የሚልለት የለው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ባለፈው ጥምቀት ከውሃው ዳር ስንመለስ የፕላስቲክ ጠርሙሱና ፌስታሉ እዚያው ቀርቷል። ምንጣፍ ሲያነጥፉ ከዋሉት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ምንጣፉን ጠቅልዬ ሄድኩ እንጂ ወደ ኋላ አላየሁም። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ጠርሙሶቹ በደንገሉ ውስጥ ተሰክተው አየሁ፤ አንዲት ጥጃም ፌስታል ታኝክ ነበር። ስለ ፋብሪካ ክሮሚየም ከማስተማሬ በፊት ይህን መናገር ነበረብኝ።

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚው ያቀረብኩት አሳብ ይህ ነው። ለመጪው ጥምቀት ከምንጣፍ አንጣፊው ቡድን ጎን ሃያ ጆንያ የያዘ ሌላ ቡድን ይመደብ፤ ጠቅላላው ዕቃ ተለቅሞ ሳያልቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ። የሰፈራችን ሙስሊም ጓደኞቻችን እኛም እንመጣለን ብለውኛል። በነሐሴም ቅጽራችን ውስጥ ልንተክል ያሰብነው ባሕር ዛፍ ቀርቶ ወይራና ዋንዛ ይሁን። ለዚህ ስም የሚያስመዘግብ ካለ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ከአዳራሹ በር ላይ እገኛለሁ።