የቆዩ ተጓዳኝ መሣሪያዎችን ወደ ርቀት ቨርቹዋል ዴስክቶፕ ማገናኘት፦ የጊዜ አለካክ ችግር

አንድ ተቋም ፕሮግራሞቹን ወደ ዳታ ማዕከል ሲያዛውር በሲሪያል ፖርት የሚሠሩ የላቦራቶሪ ሚዛኖች፣ ባርኮድ አንባቢዎችና የኃይል ቆጣሪዎች ከተጠቃሚው ዘንድ ይቀራሉ። የብዙዎቹ መሠረት በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣው የአርኤስ-232 ደረጃ ነው። ያረጀ ደረጃ ቢሆንም፣ በትክክል የሚመዝን ሚዛን በፖርቱ ምክንያት አይጣልም።

የማይክሮሶፍት የርቀት ዴስክቶፕ ፕሮቶኮል ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ ለዚህ መፍትሔ አለው። በሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ፖርቱን ሲከፍት የሚያገኘው ወኪል ድራይቨርን ነው። ወኪሉ የማንበብና የመጻፍ ጥያቄዎችን ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ይልካል፤ እዚያ ያለው እውነተኛ ድራይቨር ፈጽሞ መልሱን ይመልሳል። ባይቶቹ በቅደም ተከተላቸው ይደርሳሉ፤ በመካከላቸው የነበረው የጊዜ ክፍተት ግን አብሮ አይጓዝም።

ጉዳቱ በሞድበስ አርቲዩ ላይ በግልጽ ይታያል። ይህ ፕሮቶኮል መልእክትን ከመልእክት የሚለየው ቢያንስ 3.5 ፊደላትን በሚያህል ዝምታ ነው። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነትና በ11 ቢት ፊደል ሲሰላ ዝምታው 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። የኔትወርኩ የደርሶ መልስ መዘግየት 40 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ ዝምታውን በሰርቨሩ ላይ ሆኖ የሚቆጥር ፕሮግራም የሚለካው የመሣሪያውን ሳይሆን የኔትወርኩን ጠባይ ነው። ሞድበስ የስሕተት መፈተሻ ስላለው የተቆራረጠው መልእክት ይጣላል። የከፋው መፈተሻ የሌለው ሚዛን ነው፦ ፕሮግራሙ የንባቡን ወሰን በዝምታ ብቻ የሚለይ ከሆነ፣ 125.40 ግራም ተከፍሎ 25.40 ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ማንም ስሕተት መኖሩን አያውቅም።

የኔትወርኩን የመተላለፊያ ስፋት መጨመር፣ እንደሚገመተው፣ ይህን አይፈታም። ወሳኙ ጥያቄ ሰዓቱን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው። ፕሮግራሙ የጥበቃ ጊዜውን ለድራይቨሩ በትእዛዝ ካስተላለፈ፣ ትእዛዙም ወደ ተጠቃሚው ኮምፒውተር ስለሚሄድ ልኬቱ ከመሣሪያው አጠገብ ይከናወናል። ባይት በባይት እያነበበ ራሱ የሚቆጥር ከሆነ ግን ይሳሳታል።

ሲሪያል ፖርቱን በዩኤስቢ መለወጫ ተክቶ ዩኤስቢውን በሙሉ ወደ ሰርቨሩ ማሻገርም ችግሩን ያብሰዋል፤ ድራይቨሩ ራሱ ከመሣሪያው ይርቃልና። በፓራለል ፖርት የሚሠሩ የፈቃድ ቁልፎች ደግሞ ከነጭራሹ የተለዩ ናቸው፦ ድራይቨሩን አልፎ በቀጥታ የሃርድዌሩን አድራሻ የሚነካ ፕሮግራም ለወኪሉ የሚተላለፍ ጥያቄ አያቀርብም።

የፕሮግራሙን ኮድ ማሻሻል በማይቻልበት ጊዜ፣ ንባቡን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ለሚቀር አነስተኛ ፕሮግራም መተውና ወደ ሰርቨሩ የተሟላ መልእክት ብቻ መላክ ይመረጣል።