«ይችላሉ» እና «ግዴታ አለባቸው»፦ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በሥነ አመክንዮ ሲታይ

በሥነ አመክንዮ ፕሮፖዚሽን የሚባለው እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው። ጥያቄና ትእዛዝ ከዚህ ውጪ ናቸው። የውል አንቀጽ ራሱ ሐሰት አይባልም፤ «አንቀጹ ንጉሡን ያስገድዳል» የሚለው ግን እውነት ወይም ሐሰት ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ይገልጻል። የኢጣልያ መንግሥት ደግሞ የራሱን ቅጂ ግዴታ አድርጎ ተረጎመው። ሁለቱ ይቃረናሉ ማለት የተለመደ ነው። በጥብቅ ሲመረመር ግን «ይችላሉ» እና «ግዴታ አለባቸው» አይቃረኑም። ግዴታ የሆነ ሁሉ የተፈቀደ ነውና ከሁለተኛው የመጀመሪያው ይከተላል፤ ከመጀመሪያው ግን ሁለተኛው አይከተልም። የ«ግዴታ አለባቸው» ትክክለኛ አሉታም «አይችሉም» ሳይሆን «መተው ይችላሉ» ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

«መተው ይችላሉ» የሚለው በአማርኛው ቅጂ በግልጽ አልተጻፈም። አንባቢ የሚጨምረው ከንግግር ልማድ ተነሥቶ ነው፤ ልማዱም ምክንያታዊ ነው፤ ግዴታን የፈለገ ሰው «ይችላሉ» ብሎ አይጽፍምና። ያም ሆኖ የምኒልክ ክርክር በዚህ ልማድ ብቻ የቆመ አልነበረም። ከ«ይችላሉ» ተነሥቶ ወደ ግዴታ ለመድረስ ሌላ መነሻ ሐሳብ ያስፈልጋል፤ ያን የማቅረብ ሸክም የወደቀው ግዴታ አለ ባዩ ወገን ላይ ነበር። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እስከ ሻሩበት ጊዜ ድረስ ከአማርኛው ቅጂ እንዲህ ያለ መነሻ አልተገኘም።